የኢሜይል መልእክት የማይደርስበት አንዱ ምክንያት፦ በማዋቀሪያ ፋይሎች ውስጥ የሚፈጠሩ የትእምርተ ጥቅስና የመስመር ስህተቶች

የመንግሥት ተቋማት ለዜጎች የሚሰጧቸው አገልግሎቶች ደረጃ በደረጃ ወደ ኤሌክትሮኒክ ዘዴ እየተሸጋገሩ ይገኛሉ። ማመልከቻ መቀበል፣ ቀጠሮ ማሳወቅ፣ የጎደለ ሰነድ መጠየቅና ውሳኔ ማስታወቅ በኢሜይል የሚከናወንባቸው መሥሪያ ቤቶች ጥቂት አይደሉም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ እውቅና የሰጠ በመሆኑ፣ አንድ መልእክት መድረሱ ወይም አለመድረሱ የተገልጋዩን መብት በቀጥታ የሚነካ ጉዳይ ሆኗል።

የዚህን ክብደት በሐረሪ ክልል ድሬ ጠያራ ወረዳ በሚኖር አንድ ተገልጋይ ምሳሌነት ማየት ይቻላል። ድሬ ጠያራ ከሶፊና ከኤረር ጋር ከክልሉ የገጠር ወረዳዎች አንዱ ነው። የወረዳው ነዋሪ ጉዳዩ ወደ ክልል ቢሮ የሚያደርሰው በሆነ ጊዜ የእርሻ ሥራውን ትቶ ወደ ሐረር ከተማ መሄድ ይኖርበታል። ኢሜይል ይህን ድካም ያስቀራል። ነገር ግን ማመልከቻውን ልኮ መልስ የሚጠባበቅ ሰው መልሱ በመንገድ ቢቀርበት፣ የመጓጓዣውን ወጪም የማመልከቻውን ቀነ ገደብም ሊያጣ ይችላል። ብዙ ጊዜም «ቢሮው ችላ ብሎኛል» ብሎ ያስባል፤ ቢሮው በበኩሉ «ጠይቀነው አልመለሰም» በማለት ፋይሉን ይዘጋል። በሁለቱ መካከል ያለው ችግር ግን አንድ ያለቦታው የገባ ትእምርተ ጥቅስ ወይም አንድ የተሰበረ መስመር ሊሆን ይችላል።

ይህ ማብራሪያ ስህተቱ እንዴት እንደሚፈጠር፣ ተገልጋዩ በምን ምልክት እንደሚለየውና የተቋሙ ባለሙያ በምን ቅደም ተከተል እንደሚያርመው ያስረዳል።

የማዋቀሪያ ፋይል ምንድን ነው?

የኢሜይል ሰርቨር መልእክትን ተቀብሎ ወደ ባለአድራሻው የሚያደርስ ፕሮግራም ነው። ፖስትፊክስ፣ ኤክሲምና ሴንድሜይል በስፋት ከሚታወቁት መካከል ናቸው። እነዚህ ፕሮግራሞች «ከማን ልቀበል? ለማን ላድርስ? ምን ያህል መጠን ልፍቀድ?» ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ የሚያገኙት የማዋቀሪያ ፋይል ከሚባል ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ፋይሉ በአብዛኛው በአንድ መስመር አንድ ቅንብር የሚይዝ ሲሆን፣ በግራ የቅንብሩ ስም፣ በቀኝ ደግሞ ዋጋው ይጻፋል።

ሰው ጽሑፍን ሲያነብ ትርጉሙን ስለሚከተል የጎደለውን ነጥብ በልቡ ሞልቶ ያልፋል። ሰርቨር ግን የሚያነበው ምልክቶቹን ብቻ ነው። መስመር የት እንደሚጀምር፣ ጥቅስ የት እንደሚዘጋ፣ ሁለት ስሞችን የሚለየው ምልክት የቱ እንደሆነ የሚያውቀው በተወሰኑ ቁጥሮች ነው። በዓይን አንድ የሚመስሉ ሁለት ምልክቶች የተለያየ ቁጥር ካላቸው ለሰርቨሩ ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ተገልጋዩ ሊያያቸው የሚችላቸው ምልክቶች

ያልደረሰ መልእክት ወደ ላኪው ሲመለስ ከቁጥር ጋር ይመለሳል። በ4 የሚጀምር ቁጥር ጊዜያዊ ችግርን ሲያመለክት፣ በ5 የሚጀምር ቁጥር ደግሞ መልእክቱ በቋሚነት ውድቅ መደረጉን ይገልጻል። ለተገልጋይ ጠቃሚ የሆኑት የሚከተሉት ናቸው።

451 4.3.5፦ ከቁጥሩ ጋር «የሰርቨር ማዋቀር ስህተት» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይመጣል። ይህ ስህተት የላኪው አይደለም፤ የተቀባዩ ተቋም ፋይል መታየት አለበት።

550 5.1.1፦ አድራሻው አይታወቅም ማለት ነው። ላኪው አድራሻውን አሳስቶ ጽፎ ሊሆን ይችላል። አድራሻው በትክክል ተጽፎ ሳለ ይህ ቁጥር ከመጣ ግን በተቋሙ የአድራሻ ማዛመጃ ፋይል ውስጥ መስመር ተሰብሮ ሊሆን ስለሚችል ለተቋሙ ማሳወቅ ይገባል።

552 5.3.4፦ መልእክቱ ከተፈቀደው መጠን በላይ ሆኗል ማለት ነው። ፖስትፊክስ ካልተለወጠ በቀር የሚቀበለው እስከ 10,240,000 ባይት ነው። አባሪ ፋይል በሚላክበት ጊዜ መጠኑ በአንድ ሦስተኛ ያህል ስለሚጨምር፣ ከ7 ሜጋባይት በላይ የሆነ የተቃኘ ሰነድ በዚህ ወሰን ላያልፍ ይችላል።

አራተኛውና እጅግ አሳሳቢው ምልክት ዝምታ ነው። ችግሩ የተፈጠረው ቢሮው ለተገልጋዩ መልስ በሚልክበት ጊዜ ከሆነ፣ የስህተቱ ማስታወቂያ የሚመለሰው ወደ ቢሮው እንጂ ወደ ተገልጋዩ አይደለም። ፖስትፊክስ ጊዜያዊ ችግር የገጠመውን መልእክት በተራ መጠበቂያ ውስጥ እስከ 5 ቀን ድረስ ይዞ ደጋግሞ ይሞክራል፤ ተለይቶ ካልተዋቀረ በቀር በእነዚህ ቀናት ለላኪው የመዘግየት ማስጠንቀቂያ አይልክም። የአምስት ቀን ቀነ ገደብ ያለው ጥሪ በዚህ መንገድ ማንም ሳያውቅ ሊያልፍ ይችላል።

የትእምርተ ጥቅስ ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት ጥቅስ በማያስፈልግበት ቦታ ማስገባት ነው። በብዙ ፕሮግራሞች ዋጋን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ መጻፍ የተለመደ ነው። በፖስትፊክስ ዋና ፋይል ግን ጥቅሱ የዋጋው አካል ሆኖ ይቆጠራል። የሰርቨሩ ስም በጥቅስ ውስጥ ከተጻፈ ሰርቨሩ ስሙን ከነጥቅሱ ይወስደዋል፤ እንዲህ ያለ ስም ደግሞ በዓለም ላይ የለም።

ሁለተኛው ጥቅስ በሚያስፈልግበት ቦታ መተው ነው። በአድራሻ ማዛመጃ ፋይል ውስጥ የገባ መልእክት ወደ ሌላ ፕሮግራም እንዲተላለፍ ሲታዘዝና ትእዛዙ በውስጡ ክፍት ቦታ ሲኖረው፣ ከፊተኛው ቁም መስመር ጀምሮ ሙሉው ትእዛዝ በጥቅስ ውስጥ መሆን አለበት። ካልሆነ ትእዛዙ ከክፍት ቦታው ላይ ይቆረጣል።

ሦስተኛው የጥቅሱ ዓይነት መለወጥ ነው። ፕሮግራሞች የሚያውቁት ቀጥ ያለውን ትእምርተ ጥቅስ ነው፤ ቁጥሩም ለድርቡ 34፣ ለነጠላው 39 ነው። ዎርድን የመሳሰሉ የጽሑፍ ማቀናበሪያዎች ግን ቀጥ ያለውን ጥቅስ በራሳቸው ወደ ጎበጠው ይለውጡታል። አንዳንድ የመልእክት መለዋወጫዎችም ሁለት ተከታታይ ሰረዞችን ወደ አንድ ረጅም ሰረዝ ይቀይራሉ። ስለዚህ አንድ ባለሙያ ትክክለኛውን ቅንብር በዎርድ ሰነድ ወይም በስልክ መልእክት ለባልደረባው ቢልክለት፣ ተቀባዩ የሚገለብጠው የተበላሸ ቅጂ ሊሆን ይችላል። ሴንድሜይል በተለይ ጥቅስን የሚከፍተው ወደ ግራ ባዘነበለ ነጠላ ምልክት፣ የሚዘጋው ደግሞ በቀጥተኛው ነጠላ ጥቅስ በመሆኑ አንዱ በሌላው ሲተካ ከዚያ በኋላ ያለው ፋይል በሙሉ ይዛባል።

በሐረሪ ክልል ይህ ጉዳይ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከክልሉ የሥራ ቋንቋዎች አንዱ የሆነው አፋን ኦሮሞ በላቲን ፊደል ሲጻፍ «ሁዻ» የሚባለውን ምልክት ይጠቀማል፤ ፍየል ማለት የሆነው «ሬኤ» የሚለው ቃል በመካከሉ ይህን ምልክት ይይዛል። ምልክቱ በቅርጹም በቁጥሩም ከነጠላ ትእምርተ ጥቅስ ጋር አንድ ሊሆን ይችላል። ሁዻ ያለበት የሰው ወይም የቦታ ስም በነጠላ ጥቅስ ውስጥ ሲገባ ሰርቨሩ ስሙ መሃል ላይ ያለውን ምልክት የጥቅሱ መዝጊያ አድርጎ ያነበዋል። መፍትሔው ስሙን ማዛባት አይደለም፤ ፕሮግራሙ በሚፈቅደው ደንብ መሠረት ስሙን በድርብ ጥቅስ ማቀፍ ወይም ከምልክቱ በፊት የማምለጫ ምልክት ማስገባት ነው።

የመስመር ስህተቶች

ረጅም ቅንብር በሁለትና ከዚያ በላይ በሆኑ መስመሮች ሊጻፍ ይችላል፤ አጻጻፉ ግን ከፕሮግራም ፕሮግራም ይለያያል። በፖስትፊክስ በክፍት ቦታ የሚጀምር መስመር የቀደመው መስመር ቀጣይ ነው። በኤክሲም ደግሞ መስመሩ ወደ ኋላ ባዘነበለ ሰረዝ ካበቃ ቀጣዩ መስመር ከእርሱ ጋር ይያያዛል። አንዱን ደንብ በሌላው ፕሮግራም ውስጥ መጠቀም የተለመደ ስህተት ነው።

ከሁሉም ይልቅ ባለሙያዎችን የሚያደናግረው የሚከተለው ነው። ትክክለኛዎቹ ፋይሎች በላቲን ፊደል የሚጻፉ ቢሆንም፣ ለንባብ እንዲመች ምሳሌው በአማርኛ ቀርቧል።

የታመኑ መረቦች = የቢሮው መረብ
# የመቀበያ ደንብ = ከታመኑት ተቀበል,
    ሌላውን መልስ

እዚህ ላይ ባለሙያው የመቀበያ ደንቡን ለጊዜው ለማስቆም በመጀመሪያው መስመር ፊት የማስታወሻ ምልክት አስገብቷል፤ ሁለተኛውን መስመር ግን ረስቶታል። ፖስትፊክስ የማስታወሻውን መስመር እንደሌለ ቆጥሮ ያልፈዋል። በክፍት ቦታ የሚጀምረው «ሌላውን መልስ» የሚለው መስመር ግን ይቀራል፤ ከላይ ካለው «የታመኑ መረቦች» ጋርም ይያያዛል። በዚህ የተነሳ ባለሙያው ያልነካው ቅንብር ተበላሽቶ ይገኛል። ፍለጋውም ከተሳሳተ ቦታ ይጀምራል።

በዋጋው ጎን ማስታወሻ መጻፍም እንዲሁ አደገኛ ነው። በፖስትፊክስ የማስታወሻ ምልክት የሚሠራው በመስመር መጀመሪያ ብቻ ነው። ከመጠን ወሰኑ ቁጥር ቀጥሎ ለማስታወስ ተብሎ የሚጻፍ ቃል የቁጥሩ አካል ይሆናል፤ ቁጥር የሚጠብቀው ፕሮግራምም ሥራውን ያቆማል።

የማይታዩ ምልክቶችም አሉ። በዊንዶውስ የተዘጋጀ ፋይል እያንዳንዱን መስመር በሁለት ምልክቶች ይዘጋል፤ ቁጥራቸውም 13 እና 10 ነው። ሊኑክስ ግን 10ን ብቻ ይጠቀማል። አንዳንድ ፕሮግራሞች ትርፉን ምልክት ይታገሡታል፤ ሌሎች የዋጋው አካል አድርገው ይወስዱታል። በተለይ ኢሜይል ተቀብሎ መዝገብ የሚያደርግ ስክሪፕት በዊንዶውስ ተጽፎ ወደ ሊኑክስ ከተወሰደ፣ ፋይሉ በቦታው እያለ «አልተገኘም» የሚል መልስ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ከድረ ገጽ የተገለበጠ ጽሑፍ ደግሞ መስመር የማይሰበርበት ልዩ ክፍት ቦታ ሊይዝ ይችላል፤ ቁጥሩ 160 ነው። በዓይን ከተራው ክፍት ቦታ አይለይም፤ ሰርቨሩ ግን እንደ ክፍት ቦታ ስለማይቆጥረው መስመሩ የቀደመው ቀጣይ መሆኑ ይቀራል።

የመስመር ማብቂያ ምልክት ከደኅንነትም ጋር ይገናኛል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 የደኅንነት ተመራማሪዎች ይፋ እንዳደረጉት፣ ሰርቨሮች የመስመር ማብቂያን በተለያየ መንገድ የሚያነቡ ከሆነ በአንድ መልእክት ውስጥ ሌላ ሐሰተኛ መልእክት አሾልኮ ማስገባት ይቻላል። ፖስትፊክስን ጨምሮ የተለያዩ ፕሮግራሞች ማስተካከያ አውጥተዋል። ያልታደሰ ሰርቨር በተቋሙ ስም ሐሰተኛ ደብዳቤ ለዜጎች እንዲደርስ በር ሊከፍት ስለሚችል፣ ማሻሻያዎችን በወቅቱ መጫን ያስፈልጋል።

ከአማርኛ መጻፊያ የሚመጡ ስህተቶች

የግዕዝ ፊደል ከነሥርዓተ ነጥቡ በዩኒኮድ ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ቅጂ ነው። ይህ አማርኛን በኮምፒውተር ለመጻፍ ታላቅ እርምጃ ቢሆንም፣ ለማዋቀሪያ ፋይል ጸሐፊ አንድ ወጥመድ አስከትሏል። በአድራሻ ማዛመጃ ፋይል ውስጥ ስምን ከአድራሻው የሚለየው የላቲኑ ሁለት ነጥብ ሲሆን ቁጥሩ 58 ነው። የአማርኛው ሁለት ነጥብ ደግሞ ቁጥሩ 4961 ነው። ሁለቱ በስክሪን ላይ እጅግ ይመሳሰላሉ።

ቅሬታ: መዝገብቤት, ኃላፊ
ቅሬታ፡ መዝገብቤት፣ ኃላፊ

በመጀመሪያው መስመር ወደ ቅሬታ አድራሻ የሚላክ መልእክት ለመዝገብ ቤቱም ለኃላፊውም ይደርሳል። ሁለተኛው መስመር ለአንባቢ ተመሳሳይ ነው፤ ሰርቨሩ ግን መለያውን ስላላገኘ መስመሩን ይዘለዋል። ከዚያ በኋላ ለቅሬታ አድራሻ የሚጽፍ ዜጋ ሁሉ «አድራሻው አይታወቅም» የሚል መልስ ያገኛል። በነጠላ ሰረዝና በድርብ ሰረዝም ላይ ተመሳሳይ ስህተት ይደርሳል። በመሆኑም የማዋቀሪያ ፋይል ሲከፈት የመጻፊያ ሰሌዳው ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ መቀየሩን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

በዶሜይን ስም መዝገብ የሚፈጠሩ ስህተቶች

ተቋሙ የሚልከው መልእክት ወደ ተገልጋዩ የግል ሳጥን እንዲገባ፣ ላኪው እውነተኛ መሆኑን የሚያረጋግጡ መዝገቦች በዶሜይን ስሙ ላይ መኖር አለባቸው። ጉግል እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ወደ ጂሜይል የሚልክ ሁሉ ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም የተባለውን ማረጋገጫ እንዲያሟላ ይጠይቃል፤ በቀን ከ5,000 በላይ መልእክት የሚልክ ደግሞ ሁለቱንም ከዲማርክ ጋር ማሟላት አለበት። ማረጋገጫው ያልተሟላለት መልእክት 550 5.7.26 በሚል ቁጥር ሊመለስ ይችላል።

በእነዚህ መዝገቦች ላይ የጥቅስና የመስመር ስህተት በሁለት መንገድ ይከሰታል። አንደኛ፣ በዶሜይን ፋይል ውስጥ ከጥቅስ ውጭ የተጻፈ የላቲን ድርብ ሰረዝ የማስታወሻ መጀመሪያ ስለሆነ፣ ጥቅስ የሌለው የዲኪም መዝገብ ከመጀመሪያው ድርብ ሰረዝ በኋላ ያለው በሙሉ ይጠፋል። ሁለተኛ፣ በአንድ ጥቅስ ውስጥ ሊገባ የሚችለው ቢበዛ 255 ባይት ነው። ባለ 2048 ቢት ቁልፍ ከዚህ ስለሚረዝም በሁለት ጥቅሶች መከፈል አለበት። ሰርቨሮች ክፍሎቹን ሲያገጣጥሙ በመካከላቸው ክፍት ቦታ አይጨምሩም፤ ስለዚህ በኤስፒኤፍ መዝገብ ላይ የሚያስፈልገው ክፍት ቦታ በጥቅሱ ውስጥ መጻፍ አለበት።

የተቋሙ ባለሙያ የሚከተለው ቅደም ተከተል

1. ከማንኛውም ለውጥ በፊት የፋይሉን ቅጂ ቀን ጽፎ ማስቀመጥ።

2. ፋይሉን በዓይን ከማየት ይልቅ ሰርቨሩ ምን እንዳነበበ መጠየቅ። በፖስትፊክስ «ፖስትኮንፍ» የተባለው ትእዛዝ ከ«ኤን» ምልክት ጋር ሲሰጥ፣ የተለወጡትን ቅንብሮች እያንዳንዳቸውን በአንድ መስመር አገጣጥሞ ያሳያል። ሳይታሰብ የተያያዘ መስመር በዚህ ጊዜ ይገለጣል።

3. የማይታዩትን ምልክቶች ማውጣት። «ካት» የተባለው ትእዛዝ ከትልቁ «ኤ» ጋር ሲሰጥ የመስመሩን ማብቂያ በዶላር ምልክት ያሳያል። ከዶላሩ በፊት የባርኔጣ ምልክትና «ኤም» ከታየ ፋይሉ የዊንዶውስ ነው። የግዕዝ ሥርዓተ ነጥብና የጎበጡ ጥቅሶችም በ«ኤም»ና በሰረዝ የሚጀምሩ ቅንጥብጣቢዎች ሆነው ይታያሉ።

4. በአንድ ጊዜ አንድ ስህተት ብቻ ማረምና «ፖስትፊክስ ቼክ» በሚለው ትእዛዝ መፈተሽ። የአድራሻ ማዛመጃው ከተነካ ሰንጠረዡን በ«ኒው አሊያስስ» እንደገና መገንባት፤ ይህ ካልተደረገ ሰርቨሩ አሮጌውን ማንበብ ይቀጥላል።

5. ከውስጥም ከውጭም የሙከራ መልእክት ልኮ መዝገቡን ማንበብ።

6. በተራ መጠበቂያ የቀሩትን መልእክቶች «ፖስትኪው» በተባለው ትእዛዝ አይቶ እንደገና እንዲላኩ ማድረግ።

7. ስህተቱ በቆየባቸው ቀናት መልእክታቸው የተመለሰባቸውን ተገልጋዮች ከሰርቨሩ መዝገብ መለየትና ዝርዝራቸውን ጉዳዩን ለያዘው የሥራ ክፍል ማሳወቅ። ፋይሉ ስለታረመ ብቻ ቀነ ገደብ ያለፈበት ዜጋ መብት አይመለስም፤ ቴክኒካዊው ሥራ የሚጠናቀቀው ይህ ሲፈጸም ነው።

ባለሙያው እርዳታ ለመጠየቅ ፋይሉን ወይም መዝገቡን ለሌሎች የሚያሳይ ከሆነ፣ በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት የተገልጋዮችን ስምና አድራሻ እንዲሁም የይለፍ ቃሎችን አስቀድሞ ማስወገድ ይጠበቅበታል።

ከተገልጋዩ የሚጠበቅ

ተገልጋዩ ማመልከቻውን ከላከ በኋላ የሚከተሉትን ቢፈጽም መብቱን ለማስከበር ይረዳዋል።

1. የተላከውን መልእክትና የተመለሰውን የስህተት ማስታወቂያ አለማጥፋት፤ ቁጥሩን፣ ቀኑንና ሰዓቱን መመዝገብ።

2. አድራሻው በትክክል መጻፉን፣ የአባሪው መጠን አለመብዛቱንና መልሱ በአይፈለጌ መልእክት ማኅደር ውስጥ አለመግባቱን መመልከት።

3. አባሪ የሌለው አጭር መልእክት በመላክ መሞከር። አጭሩ ካለፈ ችግሩ ከአባሪው ጋር የተያያዘ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

4. ማስታወቂያው 451 4.3.5 የሚል ከሆነ፣ ወይም በአገልግሎቱ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ መልስ ካልመጣ፣ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ለተቋሙ በስልክ ወይም በአካል ማሳወቅ። «ኢሜይሉ አይሠራም» ከማለት ይልቅ የተመለሰውን ማስታወቂያ እንዳለ ማሳየት ባለሙያው ስህተቱን ቶሎ እንዲያገኝ ያደርገዋል።

5. ቀነ ገደቡ የቀረበ ከሆነ የማመልከቻውን ወረቀት ቅጂ ለመዝገብ ቤት አቅርቦ ገቢ ማስደረግና ገቢ ቁጥሩን መያዝ።

6. «ኢሜይሉን አስተካክልልሃለሁ» ለሚል ለማንኛውም ሰው የይለፍ ቃልን አለመስጠት። ከላይ የተገለጹት ስህተቶች ሁሉ የሚታረሙት በተቋሙ ሰርቨር ላይ በመሆኑ የተገልጋዩ የይለፍ ቃል በምንም ሁኔታ አያስፈልግም።

የኢሜይል አገልግሎት በተቋረጠበት ጊዜ ተገልጋዩ ማመልከቻውን በወቅቱ ለመላኩ ዋነኛ ማስረጃው የተላከው መልእክትና የተመለሰው ማስታወቂያ ነው። ከድሬ ጠያራ ወደ ሐረር የሚመጣ ባለጉዳይም ይህን ይዞ ቢቀርብ፣ ጉዳዩ እንደ አዲስ ከመጀመር ይልቅ ከተቋረጠበት እንዲቀጥል ለመጠየቅ የሚያስችል መሠረት ይኖረዋል።